የአደኑ (የመን) አያቴ፦ ቴል አቪቭ ልሂድ ወይስ ለንደን?

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የእናቴ አባት እዚሁ አዳማ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ከአርሲ የሚመጣውን ቆዳና ሌጦ እየገዛ ጨው ነስንሶ ያደርቅና በባቡር ወደ ድሬዳዋ ይልካል። ዓረብኛ ስለሚናገርና ሱቁም ከየመኖቹ ሱቅ ተርታ ስለነበር የሰፈሩ ሰው «ዓረቡ» ነበር የሚለው። ግን ከየመኖቹ ጋር መስጊድ ሄዶ አያውቅም። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሱቁን ይዘጋል። ቅዳሜ ሰው ዕዳውን ሊከፍለው ቢመጣ እንኳ «እሁድ ና» ብሎ ይመልሰዋል። ሥጋ ራሱ ካላረደ አይበላም። አያቴ የምንጃር ሰው ናት፣ የማርያም ጽዋ የምትጠጣ። ልጆቿን ክርስትና ስታስነሳ አልከለከላትም፣ አብሯትም አልሄደም።

አንድ ቀን «አደን ያለውን ወንድሜን አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እናቴ ጡት ላይ ነበረች። ታላቅ አክስቴ ነፍስ ስላወቀች ታስታውሰዋለች፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ መሆኑን እንጂ ዓመቱን ግን አትለየውም። አያቴማ እስክትሞት ድረስ ስለሱ ክፉም ደግም አልወጣትም።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ከሳጥኗ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ሰጠችኝ። ውስጡ ከአራት የታጠፈ ወረቀት አለ፤ አንዱ ጥግ ዘይት ጠጥቷል። ያየልኝ ሰው ዕብራይስጥ ነው አለ፤ አያቴ አይሁዳዊ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ።

ለአንድ ጉዞ የምትሆን ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ዘመዶቹ እስራኤል ይሁኑ እንግሊዝ አላውቅም። ስሙን አክስቴ «ሙሴ» ነው የምትለው። የምታውቁ ምከሩኝ።

ቃሊቲ በር (አዲስ አበባ)

ዘንድሮ አያቱ አይሁዳዊ ያልሆነ ማን አለ? ወንድሜ፣ ቪዛ ከፈለግህ ቪዛ ፈልጌ ነው በል፤ የሞተ ሰው አትቀስቅስ። ደግሞ በዚህ አያያዝ ሁላችንም የሰሎሞን ልጆች ነን፣ ለሁላችንም ይሰጠና።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

እኔ ጋራዥ አለኝ፣ ሦስት ልጅ አለኝ። ልሰደድ ብል ኖሮ በሃያ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ሳታርፍ የአባቷን መጨረሻ ልንገራት ነው ያልኩት።

ወለቃዊት (ነታንያ)

ቃሊቲ በር፣ ሰው አያቱን ቢጠይቅ ምኑ ነው የሚያስቀው? አንተ ያባትህን ሰባት ቤት ቆጥረህ ታውቃለህ?

የፍራንኮ ልጅ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፤ እዚህ አገርም ሰው ያደባልቀዋል። የአንተ አያት ከገለጻህ ቤተ እስራኤል አይደለም። እኛ የወገራ፣ የደምቢያ፣ የሰሜን፣ የትግራይ ሰዎች ነን፤ ኦሪታችን በግዕዝ ነው፣ የሚመሩን ቄሶቻችን ናቸው። ለኛ በሩ የተከፈተው ዋናው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የዳን ነገድ ናቸው ብለው ከወሰኑ በኋላ ነው። ያንተ አያት የአደን አይሁዳዊ ይመስላል፤ ዓረብኛ ተናጋሪ፣ በእንግሊዝ ግዛት የኖረ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነጋዴ። መንገዳችሁም መዝገባችሁም ሌላ ነው። ስለዚህ እዚህ መጥተህ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ብትዞር ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ እንጂ አያትህን አታገኝም።

ቴል አቪቭ ሊሊየንብሉም መንገድ ላይ የአደን አይሁዶች ቅርስ ሙዚየም አለ። ትንሽ ቤት ናት። ከመምጣትህ በፊት ግን ጻፍላቸው።

ወረቀቱን አየሁት። ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው፤ ቃሉ ግን ዕብራይስጥ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ምንም አልገባኝም። የእጅ ጽሑፉም ከለመድነው ይለያል። የለየሁትን በኛ ፊደል ልጻፈው፣ ምናልባት የሚገባው ሰው ይኖራል። አናቱ ላይ «ሐ-ሳ-ብ»፤ ቀጥሎ «ግ-ል-ድ» ብዙ ጊዜ፤ «ማ-ዕ-ዝ»፤ «ግ-ን-ም»፤ «ሩ-ቢ-ያ»፤ መጨረሻ አካባቢ «ባ-ቂ»።

የጂዳ ተመላሽ (አዳማ)

ኧረ እህቴ ተባረኪ! ይሄማ ዓረብኛ ነው። «ሒሳብ» ለሁላችንም ግልጽ ነው። «ግልድ» ያልሽው ቆዳ ነው፤ ጂልድ እንላለን፣ የአደንና የታዒዝ ሰዎች ግን ግ ያደርጉታል። ማዒዝ ፍየል፣ ገነም በግ። ባቂ ቀሪ ሒሳብ። ሰውዬው የፍየልና የበግ ቆዳ ሒሳቡን ነው የጻፈው። ጸሎት መስሎህ ከሆነ አይዞህ፣ ንግድ ነው።

ሩቢያ ያለችው ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ እዚህ አገር ሰው በብርና በጠገራ ነበር የሚቆጥረው።

ጋሼ ለገሃር (ድሬዳዋ)

ልጆች፣ እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ ራሴም በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ይህቺ ሩቢያ ነገሩን ትፈታለች። የአደን ገንዘብ የሕንድ ሩፒ ነበር፤ እንግሊዞቹ አደንን እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሕንድ ነበር የሚያስተዳድሯት፤ ሩፒውም ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየ። ሰውዬው የሚሸጠው ለአደን ነጋዴ ነው ማለት ነው። ቆዳው ከአዳማ በባቡር ድሬ፣ ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ አደን። ያ መስመር የቆዳና የቡና መስመር ነበር፤ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም፣ የአደን አይሁዱም በዚያው ላይ ተሰልፎ ነው የኖረው። ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም፣ አስመራም ነበሩ። የአስመራው ምኩራባቸው በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ እስካሁን ቆሟል።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። አክስትህ «ሙሴ» ካለች በዚያ ስም መዝገብ ለመዝገብ አትዙር። በኛ ጊዜ ነጭ ወይም ነጣ ያለ የውጭ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ነበር፤ ከፈረንሳዮቹ ያገኘነው መጠሪያ ነው፣ አቶ እንደማለት። ግሪኩ ሙሴ፣ ጣሊያኑ ሙሴ። ነቢዩን እንዳይመስልህ። እርግጥ ስሙ ሆኖም ሊገኝ ይችላል፣ ግን በሌላ ማረጋገጥ አለብህ።

ወለቃዊት (ነታንያ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለውን ዳግም አየሁት። ፊርማ ነው፤ ስምና የአባት ስም፣ በመሐል «ቤን»፣ ልጅ ማለት፣ አለ። ሙሴ አይደለም። በአደባባይ ስለማልጽፈው በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ የፍራንኮ ልጅ። የአባቱን ስም ማግኘትህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአደኖቹ መቃብር ድንጋይም የጋብቻ ውላቸውም «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ ነው የሚጽፈው።

ቀኑም አለ፣ በፊደል። ሁለት ፊደል ናት፣ ተውና ሺን፣ 700 ማለት ነው፤ አምስቱን ሺህ ሳይጽፉት ይተዉታል። 5700 ነው።

የጂዳ ተመላሽ (አዳማ)

በኛ ስንት ይሆናል?

ወለቃዊት (ነታንያ)

ይሄን አባቴ ነው ያስተማረኝ፣ ለፈረንጅ አይሆንም ለኛ ግን ይሆናል፤ የነሱም ዓመት መስከረም አካባቢ ይገባል፣ የኛም። ከአይሁድ ዓመት ላይ 3768 ቀንስ፣ የኢትዮጵያ ዓመት ይወጣል። 5700 ሲቀነስ 3768፣ 1932። ጣሊያን ገና አዲስ አበባ እያለ የተጻፈ ሒሳብ ነው። በሁለቱ አዲስ ዓመቶች መካከል ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ብቻ መጠንቀቅ ነው፣ እዚያ ላይ በአንድ ይሳሳታል።

ቃሊቲ በር (አዲስ አበባ)

እሺ፣ ይሄኛው እንኳ ደስ ይላል። ቀጥሉ።

ሕግ አጥኚ (ሐዋሳ)

ጥያቄው ባይነሳም ሰው በውስጡ ስለሚያስበው ልናገረው። የእስራኤል የመመለስ ሕግ የወጣው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1970 ሲሻሻል የአይሁዳዊ ልጅና የልጅ ልጅ እንዲካተት ተደረገ። አያቱ በእናት ይሁን በአባት ወገን ለዚህ ሕግ ለውጥ የለውም። የሃይማኖት ሕጉ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የሚቆጠረው እናት ናት። የፍራንኮ ልጅ እናቱ ከክርስቲያን እናት ስለተወለደች በረቢዎቹ ዘንድ አይሁዳዊ አይባልም፣ በሕጉ ግን የልጅ ልጅ ነው። ልጆቹ የልጅ ልጅ ልጅ ስለሆኑ በራሳቸው መብት የላቸውም። ይህ ሁሉ ደግሞ በሰነድ ነው። የብስኩት ቆርቆሮና የአክስት ምስክርነት ቆንስል ፊት ብዙ አያስኬድም።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

አመሰግናለሁ፣ ግን እውነቴን ነው፤ አልጠየቅኩትም። ጉዳዬ ሰውዬው የት ወደቀ የሚለው ነው።

ስታምፎርድ ሂል (ለንደን)

ሰላም። እኔ ሐበሻ ነኝ፣ አይሁዳዊ አይደለሁም፤ ግን በምሠራበት ሰፈር የአደን አይሁዶች አሉ። እንግሊዝ አደንን በ1967 ስትለቅ፣ ከዚያም በፊት የመጡ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ዓረብኛ ያውቃሉ። ብትመጣ ሰው ላገናኝህ እችላለሁ።

ወረቀት ከፈለግህ ግን ሁለት ቦታ ነው። ጋሼ እንዳሉት አደን በሕንድ በኩል ስለምትተዳደር የድሮው መዝገቧ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የሕንድ ቢሮ መዛግብት ውስጥ ነው። «አር 20» የሚለውን ክፍል ጠይቅ። ከ1937 ወዲህ ያለው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፋይል ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሁለቱም መግቢያ አያስከፍሉም፣ የአንባቢ መታወቂያ ታወጣለህ። ቪዛው ነው ውዱ።

ሌላው፣ ይቅርታ እንዲህ ስለምለው። አያትህ የሄደው መቼ ነው ብለህ አክስትህን በደንብ ጠይቃት። የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጥኤም ትከፈል ብሎ ከወሰነ በኋላ በታኅሣሥ 1947 እ.ኤ.አ. አደን ውስጥ ረብሻ ተነስቶ 82 አይሁዶች ተገድለዋል፤ ሱቆቻቸው ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በኛ ኅዳር 1940 መሆኑ ነው። እንግሊዞቹ ስለዚያ ረብሻ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁመው ነበር፣ ሪፖርቱም አለ።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

ይሄን ሳነብ ጋራዡን ዘግቼ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዓመት አታውቅም አልኩ አይደል? ዓመቱን ትቼ ያን ጊዜ ምን ይታጨድ ነበር አልኳት። «ጤፍ ሊታጨድ ደርሶ ነበር፣ እናቴ እናትህን አዝላ ምንጃር ለአጨዳ ልትሄድ ስትል ነው የተነሳው» አለች። እናቴ ደግሞ የተወለደችው በሰኔ 1939 ነው፣ የክርስትና አባቷ ጽፎት አለ።

ስለዚህ ጥቅምት ወይ ኅዳር 1940። በቃ፣ ሌላ አልጨምርም።

ወለቃዊት (ነታንያ)

አይዞህ። ሞቷል ብለህ አትደምድም። ከዚያ ረብሻ የተረፉት ይበዛሉ፤ ከ1949 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. 49 ሺህ ያህል የየመን አይሁዶች በአደን በኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጥተዋል። በዚያ ግርግር መሐል አንድ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መመለሻ ያጣል፤ ደብዳቤም አይደርስም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሚስት... ይቅርታ፣ ግን ለዚህም ተዘጋጅ። አክስትህ ይሄኛውን ከሞቱ ይልቅ የምትጠላው እንደሆነ አስብበት።

የኔን ልንገርህ። አያቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ሱዳን ኡም ራኩባ ካምፕ ነው የቀረችው። እዚያ የቀረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። እናቴ እዚህ ስትደርስ ጸሐፊው የዕብራይስጥ ስም አወጣላት፤ የቤተሰብ ስም ሲሏትም የአያቷን ስም ሰጠች። በኋላ የመጣ ወንድሟ ደግሞ የአባቱን ስም አስመዘገበ። የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዳ ሆኑ፤ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ተምረው ዘመድ መሆናቸውን ያወቁት ለቅሶ ላይ ነው።

እዚህ የተወለደ ልጄን ይዤ ጎንደር፣ አምቦበር ሄጄ ነበር። እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ቱሪስት የሚሄድበት ነው፤ የሸክላ ምስል ይሸጣሉ፣ የሚሸጡት ግን የኛ ሰዎች አይደሉም፣ እኛ ወጥተናል። አምቦበር ቤታችን ከነበረበት ቦታ አንዲት ክርስቲያን ባልቴት አገኘን። የእናቴን የድሮ ስም ስነግራቸው ነጠላቸውን አውርደው ልጄን ግንባሩን ሳሙት፣ ከዚያ ሳንጠይቃቸው የአያቴን አባት፣ የሱን አባት እያሉ መቁጠር ጀመሩ። ቀጥቃጩ እገሌ፣ ማረሻ ይሠራልን የነበረው እገሌ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ይቀዳል። ኢየሩሳሌም ያለ የትኛውም ቢሮ ያን አልነገረኝም።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቅ የምለው። በአዳማ የየመኖቹ ልጆች አሁንም የሉም?

የጂዳ ተመላሽ (አዳማ)

አሉ እንጂ! ሁለት ሦስት ቤት አውቃለሁ። አንዱ አዛውንት አባታቸው ቆዳ ነጋዴ ነበር፣ ዱቤ መዝገብ እስካሁን አለን ይላሉ። የፍራንኮ ልጅ፣ እሁድ ካልከበደህ አብረን እንሂድ፤ ዓረብኛውን እኔ እችለዋለሁ።

ላብራቶሪ (ሐዋሳ)

ስለ ዲኤንኤ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ከመመርመራችሁ በፊት ማን እንደሚመረመር አስቡ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ነው፤ አንተ የእናትህ አባት ዋይ የለህም። የሱ ወንድ ልጅ ወይም የወንድ ልጁ ወንድ ልጅ ያስፈልጋል። አጎት አለህ? ከሌለህ አክስትህ ትመርመር፤ ከአባቷ ግማሹን ይዛለች፣ አንተ ሩቡን። እድሜዋ ስለገፋ ይህን ነገ ዛሬ አትበል። እስራኤል ውስጥ ራሱ የዝምድና ምርመራ በሕግ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ዘመድ በመረጃ ቋቱ ላይ ላታገኝ ትችላለህ፤ የለንደኖቹ ይሻላሉ። ሃይማኖትን ደግሞ ምርመራው አይነግርህም፣ ዘመድን ነው የሚነግርህ።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

ወንድ ልጅ የለውም፤ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። አክስቴን ስጠይቃት «ምራቄን ፈረንጅ ምን ያደርግበታል?» ብላ ሳቀች፣ ግን እሺ ብላለች።

ናዝሬት ተወላጅ (አትላንታ)

ጉዞውን ካደረግህ አንድ ምክር። የኔ ፓስፖርት ላይ የትውልድ ቦታ «ናዝሬት» ነው የሚለው፣ ከተማዋ አዳማ ከመባሏ በፊት የወጣ ነው። ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ልጅቷ ፓስፖርቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች። «ናዝሬት ተወልደህ ዕብራይስጥም ዓረብኛም አታውቅም?» የሌላኛዋ ናዝሬት ልጅ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል። ሌላ ሰው ጠሩ፣ እሱም ሌላ ሰው ጠራ። መጨረሻ ላይ አንድ ሐበሻ ወታደር መጥቶ «ወለንጭቲን ታውቃለህ?» አለኝ፤ በዚያ ተፈታሁ።

አወያይ

ስለ ጦርነቱና ስለ ፖለቲካው የተጻፉ አስተያየቶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬአለሁ። እዚህ የአያት ፍለጋ ብቻ።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)

እሁድ ከጂዳ ተመላሽ ጋር አዛውንቱ ጋ ሄድን። ስሙን ሳልጨርስ ጨረሱልኝ። አባታቸው ሲነግራቸው ያደጉት ነው፤ አያቴ ሲሄድ የሱቁን ቁልፍ ለአባታቸው ነበር የሰጠው። የዱቤ መዝገቡንም አሳዩን፤ የአያቴ ስም ተሰርዞ ሳይሆን ተከፍቶ ነው ያለው፣ ከቀሪ ሒሳብ ጋር። ከድሬዳዋው ወኪል ስም ጎን የአደኑ ወንድሙ ስም አለ። አሁን ሁለት ስም አለኝ ማለት ነው፣ ከነአባታቸው።

ቲኬት አልቆረጥኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለቴል አቪቩ ሙዚየም ወለቃዊት በዕብራይስጥ ጻፈችልኝ፣ ወረቀቱንም አያያዝን። ለላይብረሪው ስታምፎርድ ሂል ይጠይቅልኛል። እስከዚያ ድሬዳዋ እወርዳለሁ፤ ጋሼ፣ የወኪሉን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ከዚራ ሰፈር አካባቢ ይጠፋል?

ቃሊቲ በር (አዲስ አበባ)

ቀሪ ሒሳቡ ስንት ነው? የአያትህን ዕዳ ከፍለሃል ወይስ አልከፈልክም? ቁም ነገሩ እሱ ነው።

የጂዳ ተመላሽ (አዳማ)

ሽማግሌው ናቸው ባለዕዳ! አባታቸው ቁልፉን ከነቆዳው ነው የተቀበሉት። ምሳ አብልተው ሸኙን፣ ሂሳቡ በዚያ ተዘጋ።

ጋሼ ለገሃር (ድሬዳዋ)

ከዚራ ሰው አይጠፋም፤ የወኪሉን ልጅ ልጅ እኔ አውቃታለሁ፣ ሱቅ አላት። ብቻ በጠዋት ድረስ። ከሰባት ሰዓት በኋላ እዚህ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰውም ሙቀቱን ሸሽቶ ጫቱ ላይ ነው፤ እስከ አስር ሰዓት ማንም አያናግርህም።